ብል ልብስ ይበላል፣ ናፍታሊን ግን ልጅ ይጎዳል፦ ሁለቱንም እንወቃቸው



ክረምቱ አልፎ ልብስ ከሻንጣና ከቁም ሳጥን መውጣት ሲጀምር በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «ዶክተር፣ የባለቤቴ የሱፍ ኮት ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፤ ምን ይሻላል?» «ዶክተር፣ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ትንንሽ ቢራቢሮ የሚመስሉ ነገሮች አሉ፤ ይነክሳሉ እንዴ?» «ዶክተር፣ ልወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። የመጀመሪያ ልጄን ልብስ ከናፍታሊን ጋር ነበር ያስቀመጥኩት፤ ችግር አለው?»

የመጀመሪያው ጥያቄ የሐኪም ሥራ ላይመስል ይችላል። ሦስተኛው ግን ሙሉ በሙሉ የሕክምና ጥያቄ ነው፤ ምናልባትም የሕይወት ጉዳይ። ሁለቱ ደግሞ የተያያዙ ናቸው። ብል ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚኖር የተረዳ ሰው ያንን ነጭ ኳስ የሚያስፈልገው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ አብዛኛው ቤት ደግሞ ጭራሽ አያስፈልገውም። ስለዚህ ዛሬ ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ቢልባችሁም ታገሡኝ። መጀመሪያ ብልን እናውቀው፣ ከዚያ ናፍታሊን ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ፣ መጨረሻ ላይ ቤታችን ውስጥ ምን እንደምናደርግ እነግራችኋለሁ።

1. ብል የቱ ነው?

ማታ ማታ አምፖል እየዞረ የሚያስቸግረን የእሳት እራት ብል አይደለም። የልብስ ብል እንዲያውም ብርሃን ይሸሻል። ቁም ሳጥን ስትከፍቱ ወደ ጨለማው ጥግ ሮጥ ሮጥ ብሎ የሚደበቀው እሱ ነው። ርዝመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ቀለሙ እንደ ገለባ ወርቃማ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ አናቱ ላይ ደግሞ ቀላ ያለ ጠጉር አለው። ሳይንሳዊ ስሙ ቲኒዮላ ቢሴሊየላ ይባላል።

አንድ የቅርብ ዘመድም አለው፤ ቲኒያ ፔሊዮኔላ። የዚህኛው እጭ ከሚበላው ጨርቅ ክር እየወሰደ ከረጢት ይሠራና እሷን ተሸክሞ ይዞራል። ቀይ ምንጣፍ ከበላ ከረጢቱ ቀይ፣ ሰማያዊ ሹራብ ከበላ ሰማያዊ ትሆናለች። ግድግዳ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ቀስ እያለች ስትንቀሳቀስ ያያችሁ ካላችሁ፣ ምናልባት እሱን ወይም የሱን ዘመድ ነው ያያችሁት።

ዱቄትና እህል ውስጥ የሚገቡት ነቀዞችና የዱቄት ቢራቢሮዎች ሌላ ፍጥረት ናቸው። ከጓዳ የሚወጣውን ከቁም ሳጥን ከሚወጣው ለዩት፤ መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

2. ጥፋተኛው የሚበረው አይደለም

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚበረውን አይተን በጫማ እንመታዋለን፣ ፍሊት እንነፋበታለን፣ «ጨረስነው» ብለን እንተኛለን። የሚበረው ብል ግን ልብስ አይበላም። መብላትም አይችልም፤ ጉልምሱ ብል የሚሠራ አፍ የለውም። ሕፃን እያለ ባጠራቀመው ስንቅ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያህል ይኖራል፣ ይራባል፣ ይሞታል።

ልብስ የሚበላው ልጁ ነው፤ እጩ። ዑደቱ እንዲህ ነው፦

👉 እንቁላል፦ አንዲት ሴት ብል ከ40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች። እያንዳንዱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በዓይን ለማየት ይከብዳል፤ የጨርቁ ክር መሐል ተጣብቆ ይቀመጣል። ሞቃት ቦታ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ በብርድ እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

👉 እጭ፦ ነጭ ወደ ክሬም የሚያደላ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ የሆነ ትንሽ ትል። ሥራው መብላት ብቻ ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና ምግብ ከተመቸው በሁለት ወር ገደማ ያድጋል፤ ካልተመቸው ግን ቀስ እያለ ከ2 ዓመት በላይ በእጭነት ሊቆይ ይችላል።

👉 ሙሽሬ፦ ድር ጠቅልሎ የሚተኛበት ጊዜ ነው። ከ8 ቀን እስከ አንድ ወር ገደማ።

👉 ጉልምስ፦ የሚበረው። ወልዶ ይሞታል።

ልብ በሉ፤ ክፍል ውስጥ ሲበሩ የምናያቸው በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው። እንቁላል የያዘችው ሴት ሆዷ ስለሚከብዳት ከመብረር ይልቅ መሮጥና መዝለል ይቀናታል። ስለዚህ አየር ላይ ፍሊት ስንነፋ ሥራውን የጨረሰውን ወንድ እንገድላለን፤ እናትየዋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ናት፣ ልጆቹም ሱፉን እየበሉ ነው። ፍሊቱን ደግሞ እኛና ልጆቻችን እንተነፍሰዋለን።

ለብል በጣም የሚመቸው 25 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ሙቀትና 70 በመቶ የሚጠጋ የአየር እርጥበት ነው። አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ስለምትል ዑደቱ ይረዝማል። ይሄ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ግን ጉዳቱ ቶሎ ስለማይታይ ያዘናጋል። ለሠርግ ለብሰነው በላብ የሰቀልነው ሱፍ ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲበላ ቆይቶ፣ የሚቀጥለው ሠርግ ጠዋት ነው ቀዳዳውን የምናየው። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ያላችሁ ደግሞ እርጥበት ባለበት ቤት ዑደቱ ሊፈጥን እንደሚችል እወቁ።

3. ሱፍ እንዴት ይፈጫል?

እንደ ሐኪም እኔን የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው። ሱፍ፣ የሰው ጠጉር፣ ጥፍር፣ ላባና ቀንድ ዋናው ንጥረ ነገራቸው ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ጥንካሬ የሚመጣው ክሮቹን እርስ በርስ ከሚያስሩት የድኝ ድልድዮች ነው። የኛ ሆድ እነዚህን ድልድዮች መስበር አይችልም። ለዚህ ነው ጠጉር ብንውጥ ሳይፈጭ የሚወጣው፤ ጠጉር የመብላት ልማድ ያላቸው ሰዎች ሆድ ውስጥም ጠጉሩ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የብል እጭ አንጀት ግን ልዩ ነው። ውስጡ አልካላይን ከመሆኑም በላይ የድኝ ድልድዮቹን የሚፈታ ኬሚካላዊ ሁኔታ አለው። ድልድዩ ከተፈታ በኋላ የቀረውን ፕሮቲን ኢንዛይሞቹ በቀላሉ ይቆርጡታል። ይህን የሚችሉ ፍጥረታት ጥቂት ናቸው።

ውሃም አይጠጣም። የሚያስፈልገውን እርጥበት ከምግቡና ምግቡ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ውሃ ያገኛል። ስለዚህ ደረቅ የተዘጋ ሻንጣ ውስጥ ወራት መኖሩ አያስደንቅም።

አንድ ድክመት ግን አለው፤ ይህችን ያዟት። ንጹሕ ሱፍ ብቻውን ለብል የተሟላ ምግብ አይደለም። የቢ ቫይታሚኖችና ጨዎች ይጎድሉታል። እነዚህን የሚያገኘው ከላብ፣ ከሽንት፣ ከፈሰሰ ወጥ፣ ከቢራና ከጭማቂ ነጠብጣብ ነው። ለዚህ ነው ኮት ሲበላ መጀመሪያ አንገትጌው፣ ብብቱና ወጥ የነካው ደረት የሚበሳው። ታጥቦ የተቀመጠ ሱፍ ለብል ጦም እንደማደር ነው።

4. ምን ይበላል? ምን አይበላም?

ይበላል፦
✔ የሱፍ ሱት፣ ካፖርት፣ የሱፍ ሹራብና ሻርፕ
✔ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ምንጣፍ፣ ባናና በርኖስ
✔ አጎዛና ለምድ
✔ ከፈረስ ጠጉር የተሠራ ጭራ
✔ ላባ ያለው ትራስና የላባ ጌጥ
✔ እውነተኛ ሐር

በራሱ አይበላም፦
✘ ጥጥ፤ ማለትም ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቡሉኮ፣ የሕፃን ቱታ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ አንሶላ
✘ ፖሊስተር፣ ናይለን፣ አክሪሊክ

«በራሱ» ያልኩት በምክንያት ነው። ጥጡ ላይ ምግብ ወይም ላብ ካለ፣ ወይም ጥጡ ከሱፍ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ እጩ እግረ መንገዱን ሊቆርጠው ይችላል። ንጹሕ ጋቢ ላይ ግን ቀዳዳ ካያችሁ መጀመሪያ አይጥን ጠርጥሩ፤ ወይም የካውያ ቃጠሎ ወይም በረኪና ያሳሳው ቦታ ሊሆን ይችላል።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዛችሁ የሕፃናት ልብስ ያለበትን ሻንጣ አስቡ። አብዛኛው ጥጥ ነው! ብል የማይበላውን ልብስ ከብል ለመጠበቅ ብለን ነው መርዝ የምንጨምርበት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

5. ብል መኖሩን በምን እናውቃለን?

👉 ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ ቀዳዳ፣ ወይም ሳይበሳ ላዩ የተላጨ የሚመስል ሱፍ
👉 እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን ነጭ መሸፈኛ ወይም ቱቦ
👉 የአሸዋ ቅንጣት የሚመስል ኩስ፤ ቀለሙ ከተበላው ጨርቅ ጋር አንድ ስለሆነ ያሳስታል
👉 አንገትጌ ሥር፣ ኪስ ውስጥና ስፌት ላይ የተደበቁ ትንንሽ ትሎች
👉 ልብሱን ስታራግፉ የሚሮጥ ወርቃማ ነገር

ልብሱን ብቻ አትዩ። ለወራት ያልተነሳ ሶፋ ሥር፣ የምንጣፍ ጠርዝ፣ አልጋ ሥር የተጠራቀመ የሰውና የድመት ጠጉር ለብል በቂ ምግብ ነው። ኮርኒስ ውስጥ ያለ የወፍ ጎጆና ሞቶ የቀረ አይጥም ምንጭ ይሆናል። ቁም ሳጥኑን አሥር ጊዜ አጽድተው ብሉ ተመልሶ የሚመጣባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ምንጩ ከላያቸው ኮርኒስ ውስጥ ነው።

6. ብል ሰው ይነክሳል?

አይነክስም። ጉልምሱ አፍ የለውም፤ እጩም ሕያው ሰው አይበላም። በሽታ ከሰው ወደ ሰው አያስተላልፍም። በተለይ አለርጂና አስም ላለባቸው ሰዎች የማንኛውም ነፍሳት ብናኝና ቅርፊት ሊያስቸግር ስለሚችል ማጽዳቱ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ግን አትፍሩት።

ስለዚህ «ቁም ሳጥኔ ውስጥ ብል አለ፣ ሰውነቴም ያሳክከኛል» ካላችሁኝ ሁለቱን ለይቼ ነው የማየው። ጠዋት ስትነሡ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች ካሉ ትኋን፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ከሆነ ቁንጫ፣ በጣት መሐልና በእጅ አንጓ ሆኖ ሌሊት የሚብስና ሌላውም የቤት ሰው የሚያሳክከው ከሆነ እከክ ልናስብ እንችላለን። የምንጣፍ ጥንዚዛ የሚባል ሌላ ሱፍ በል ነፍሳም አለ፤ የእጩ ጠጉር ቆዳ ላይ ሽፍታ ያመጣል። ብልን እየተበቀላችሁ እከክን ሳታክሙ እንዳትቆዩ፣ ማሳከኩ ከቀጠለ ታዩ።

7. አሁን ወደ ናፍታሊን እንምጣ

ናፍታሊን ጠጣር ሆኖ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ የሚለወጥ ኬሚካል ነው። ኳሱ በየወሩ እያነሰ የሚሄደው ለዚህ ነው። ብልን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ የሚገድለው ግን በጥብቅ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በብዛት ሲጠራቀም ብቻ ነው። በየቀኑ በሚከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ኳስ ጣል ማድረግ ሽታ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

አንድ ቀላል መመሪያ ልስጣችሁ፦ ሽታው ከሸተታችሁ እየተነፈሳችሁት ነው።

ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበታችን ናፍታሊንን ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ይለውጠዋል። ችግሩ የሚመጣው ከነዚህ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጠቃሉ፣ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ደም ያንሳል፣ ከፈነዳው ሕዋስ የወጣው ቢጫ ቀለም ዓይንና ቆዳ ላይ ይታያል። አንዳንዴም ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣና ከንፈር ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2002 ናፍታሊንን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ጎራ መድቦታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የናፍታሊን የብል ኳስ ከ2008 ጀምሮ አይሸጥም።

በጣም የሚጎዳው ማን ነው?

👉 አዲስ የተወለዱ ሕፃናት። ጉበታቸው ገና ስላልጠነከረ ቢጫውን ቀለም ቶሎ አያስወግዱም። ከመጠን ካለፈ አንጎልን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

👉 ጂ-ሲክስ-ፒ-ዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ያለባቸው። ይህ ኢንዛይም ቀይ የደም ሕዋስን ከእንዲህ ዓይነት ጥቃት የሚከላከል ጋሻ ነው። እጥረቱ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ወንዶች ላይ ይበዛል። በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። በአገራችንም አለ፤ በጋምቤላ በተደረጉ ጥናቶች ከሌሎች አካባቢዎች ከፍ ብሎ ታይቷል። አብዛኛው ሰው እጥረቱ እንዳለበት ሳያውቅ ነው የሚኖረው።

በ1963 የግሪክ ሐኪሞች ናፍታሊን የነካው ልብስና ብርድ ልብስ የቀረባቸው አራስ ሕፃናት ደማቸው እንደፈረሰ ጽፈው ነበር። ሕፃናቱ ኳሱን አልዋጡም፤ ጋዙን ነው የተነፈሱት። ከመካከላቸው የኢንዛይሙ እጥረት የሌለባቸውም ነበሩ። ስለዚህ «ልጄ ጤነኛ ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም።

የኛን ቤት ልማድ ደግሞ ጨምሩበት። ሕፃን ታጥቦ በቅባት ይታሻል፤ ከዚያ ከሻንጣ የወጣ ልብስ ይለብሳል። ናፍታሊን ስብ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው፤ ቅባት የተቀባ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ያስገባዋል።

8. ልጁ ኳሱን ቢውጥስ?

ይህን ክፍል ሴቭ አድርጉት፤ ልጅ ለሚጠብቁ ሁሉ አሳዩ።

አንድ ሌሊት ተረኛ በነበርኩበት ድንገተኛ ክፍል የ2 ዓመት ወንድ ልጅ መጣ። ከቁም ሳጥን ሥር ኳስ አግኝቶ ከረሜላ መስሎት ግማሹን በልቷል። አያቱ ነበሩ ያቀፉት። «ዶክተር፣ ወዲያው ወተት ግጠነዋል፤ አሁን ደህና ነው፣ እንሂድ?» አሉኝ። ልጁ እውነትም ይጫወት ነበር። «እማማ፣ ዛሬ ደህና መሆኑ አይበቃም። የዚህ ነገር ጉዳቱ ነገና ከነገ ወዲያ ነው የሚታየው» ብዬ ለመንኳቸው። አስተኛነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ደሙ በፍጥነት ወረደ። ደም ተሰጠው፤ በአምስተኛው ቀን እየሮጠ ወጣ። የዚያን ሌሊት ወደ ቤት ቢመለስ ኖሮ ቤተሰቡ የሽንቱን መጥቆር ላያስተውለው ይችል ነበር። የኢንዛይሙን ምርመራ ከወራት በኋላ እንዲያሠሩ ነው የነገርናቸው፤ ደም በሚፈርስበት ሰሞን ምርመራው ደህና መስሎ ሊወጣ ስለሚችል።

ከዚህ የምንይዛቸው ነጥቦች፦

✘ ወተት አትስጡ። ማንኛውንም መርዝ ወተት ያረክሰዋል የሚል እምነት አለን። ናፍታሊን ግን ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ወተት፣ ቅቤና ዘይት ወደ ደም እንዲገባ ያግዙታል።

✘ አታስመልሱ። ጣት መክተት፣ የጨው ውሃ ማጠጣት ክልክል ነው። አንዳንዱ ኳስ ናፍታሊን ሳይሆን ካምፎር ሊሆን ይችላል፤ ካምፎር በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያንቀጠቅጥ ልጁ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

✔ አፉ ውስጥ የቀረ ካለ አውጡ፤ እጁንና አፉን በውሃ እጠቡ።

✔ ማሸጊያውን ወይም የቀረውን ኳስ በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ከተቸገረ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ የሚዘገይ ከመሰላችሁ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት።

✔ ምልክቱ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 5 ቀን ሊዘገይ ይችላል። የጠቆረ ሽንት፣ የዓይን ቢጫነት፣ መገርጣት፣ ድካም፣ ትኩሳት፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ የከንፈር መሰማየት ካያችሁ ሰዓት አትቁጠሩ።

አራስ ቤት ያላችሁ ደግሞ ልብሱ ናፍታሊን ከሸተተና ሕፃኑ ቢጫ ከሆነ፣ ጡት መጥባት እንቢ ካለ ወይም ከደከመ «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ ይሙቅ» ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ይታይ። ልብሱ ናፍታሊን እንደነካውም ለሐኪሙ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል።

9. ታድያ ብልን በምን እናስወግደው?

ሀ) ለዩ። የሱፍና የሐር ልብሶችን አንድ ቦታ፣ ጥጡን ሌላ ቦታ አድርጉ። ከብል የምትጠብቁት ያንን ትንሹን ክምር ብቻ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሁለት ሱፍ፣ አንድ ካፖርትና አንድ ብርድ ልብስ ቢሆን ነው።

ለ) ሳታጥቡ አታስቀምጡ። አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ሱፍም ላብ አለው። ላውንደሪ ወይም በእጅ፣ የሚስማማውን። ከሰልባጅ የገዛችሁትን የሱፍ ልብስ ደግሞ ሳታጥቡና ሳትፈትሹ ከሌላው ጋር አትስቀሉ።

ሐ) ፀሐይ ላይ አስጡና ቦርሹ። እጮቹ ብርሃን ስለሚጠሉ ይሸሻሉ፣ እንቁላሎቹ በቡርሽ ይረግፋሉ። አንገትጌ ሥር፣ ኪስና ስፌት እንዳይረሳ። ከቤት ውጭ ይሁን፤ ሳሎን ውስጥ ካራገፋችሁት ዘር መዝራት ነው።

መ) ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ። ከ55 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል፤ ግን ሱፍ በሙቅ ውሃ ስለሚጨማደድ መለያውን አንብቡ። ሙቅ ውሃ የማይችለውን በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር (ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ) ለ2 ሳምንት አስቀምጡ። መብራት ሄዶ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ሠ) ቤቱን ጥረጉ። ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ጥጎቹን፣ አልጋ ሥርን፣ ሶፋ ውስጥን፣ የምንጣፍ ሥርን። ቫኪዩም ያላችሁ ከረጢቱን ውጭ አራግፉ። ኮርኒሱንም አስፈትሹ።

ረ) ንጹሑንና ደረቁን ሱፍ ዚፕ ባለው ወይም በጥብቅ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ። ብል ካልገባ እንቁላል የለም። እርጥበት ያለው ልብስ ግን አትዝጉ፤ ይሻግታል።

ሰ) ወር ሁለት ወር ሳይሞላ አውጡና አራግፉ። ብል የሚወደው የተረሳ ልብስ ነው። በየጊዜው የሚለበስ ኮት ብል ሲበላው ብዙም አይታይም።

ስለ ሽታ ያላቸው ቅጠሎችና እንጨቶች ትጠይቁኛላችሁ። የጥድ እንጨትም ሆነ ጥሩ ሽታ ያላቸው ቅጠሎች ልብሱን ያሸቱታል፤ እጩን ግን አምናችሁ የምትተዉባቸው አይደሉም። ከታጠበ በኋላ ብታደርጉት ጉዳት የለውም፤ በመታጠብ ፋንታ ግን አይሆንም።

10. ፈጽሞ የማይደረጉ ሦስት ነገሮች

❌ የእህል ነቀዝ ክኒን ቁም ሳጥን ውስጥ ማድረግ። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። የታወቀ ማርከሻ የለውም። በዚህ መርዝ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ ለኮት ብላችሁ ሰው በሚተኛበት ቤት አታስገቡት።

❌ የእርሻ ፀረ-ተባይ ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ መርጨት። ቆዳ ላይ የሚውል ጨርቅ ነው።

❌ ናፍታሊንን ከላስቲኩ አውጥቶ ልጅ በሚደርስበት ቦታ መበተን፤ ቁም ሳጥን ሥር፣ መታጠቢያ ቤት፣ ትራስ ሥር። ለልጅ ከረሜላ ነው።

ለዚያች ለመውለድ ሁለት ሳምንት ለቀራት እህቴ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ኳሶቹን ዛሬውኑ አውጪና ልጅ በማይደርስበት መንገድ አስወግጃቸው። ልብሶቹን በሳሙና እጠቢ፣ ውጭ ፀሐይና ነፋስ ላይ አስጪ፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ደጋግመሽ እጠቢ። ሽታው እንቢ ያለውን ልብስ ለሕፃኑ አታልብሺ። በሌላ ሻንጣ አድርጊው፤ ያኛው ሻንጣም ሽታውን ይዞ ይቆያል። ናፍታሊንም አትመልሺበት፤ የሕፃን ጥጥ ልብስ ብል አይበላውም።

አራስ ቤት ያለውን፣ ልጅ የሚጠብቀውን፣ ሻንጣውን የሚያሽገውን ሰው ታውቃላችሁና ይህን ላኩላቸው። ያልገባችሁ ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ። ልጁ ኳስ ውጦ ከሆነ ግን የኔን መልስ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም።